እሸት የከለከልኩበት መስከረም

ከጉና ግርጌ
ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለአለምወርቅ፤ አንቺም ዛጎሎችሽም እንደምን ከርማችኋል? እኔ አያትሽ ካሳው ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ከእኔ ቀድሞ ስላረጀ እንደ ታላቅ ወንድም አከብረዋለሁ፤ ተቀመጥ ሲለኝ እቀመጣለሁ።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ ብለሻል። በዚህ ቤት ያለው ስልክ አንድ ነው፤ እሱም የአጎትሽ የይሻው ነው። ሰውን በገዛ ስልኩ ማማት ነውር ነው። ደብዳቤ ከሆነ ግን ለደጀን እሰጠዋለሁ። የቀበሌያችን የሰብል ባለሙያ ነው፤ ለገበያ ገሳይ ሲወርድ ኔትወርክ ካገኘ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል፤ ያንቺንም አሳትሞ ያመጣልኛል። ሳያነበው አይቀርም። ደጀን፣ እዚህ ላይ ስትደርስ ጤና ይስጥልኝ።

ስለ ሥራሽ የኔታ ጠይቀውኝ ተቸግሬያለሁ። ጣና ዳር ዓሣ ታጠኚ በነበረ ጊዜ ደረቴን ነፍቼ እናገር ነበር፤ ዓሣ ክንፍም ቅርፊትም አለው፣ ኦሪትም አይነካውም። አሁን ሞምባሳ ድረስ ሄዳ በድንጋይ ቤት ውስጥ የተኛ ንፍጥ ታሳድጋለች ብዬ እንዴት አፌን ልክፈት? «ሞግዚት ሆናለች» አልኳቸው። «የማን ልጅ?» አሉኝ። «የባሕር» አልኩ። አማተቡ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልግባ። አዎ፣ ስለ ላይኛው ማሳ የሰማሽው እውነት ነው። ደጀን አፈሩን አስመርምሮ «ኮምጥጧል፣ አሲድ ነው» አለኝ። እኔ ቀምሼዋለሁ፤ አፈር አፈር ነው የሚለው። ገብሱ ግን ከደጀን ጋር ተስማምቷል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ከስንዝር ሳይበልጥ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ ኖራ ነው ይላሉ፣ ሠላሳ ኩንታል። ኖራው እስከ አስፋልቱ ይመጣል፤ ከአስፋልቱ እስከ እኛ ያለው የአህያ ጀርባ ነው፤ አህያዋም አንድ ናት፣ እሷም ታኮርፋለች።

ይሻው ባህር ዛፍ ልትከልበት ይላል። አልፈርድበትም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተክሏል። ግን የባህር ዛፍ ሥር አንዴ ከገባ በኔ ዕድሜ እዚያ ላይ ገብስ አይታይም፤ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። በሽማግሌ በሙላቴ ፊት ተስማማን፦ የዘንድሮው ሰኔ የመጨረሻው ነው። ማሳው ለቀጣዩ ዓመት የሚዘራ አንድ ጣሳ ዘር ካላወጣ ለይሻው ይሆናል። የማን ጣሳ እንደሆነ ግን አልተወሰነም ነበር። እኔ ትንሽ ጣሳ እያፈላለግሁ ሳለ ይሻው የራሱን ይዞ መጣ።

አንቺን የምጠይቀው ይኸውልሽ። በእጄ ሁለት ዘር አለ፤ ሁለቱም የአባቴ ጥቁር ገብስ ነው። አንደኛው የጓሮው ነው፤ ፋንድያና አመድ ሲበላ የኖረ፣ ፍሬው የሰባ። ከአባቴ ጀምሮ ዘር የምንመርጠው ከዚያ ነው፤ ዘር ከልጓም ይስባል እያልን። ሁለተኛውን ባለፈው ኅዳር ዘነበች፣ የይሻው ሚስት፣ ከላይኛው ማሳ በነጠላዋ ለቀመችው፤ ከሞቱት መሃል የቆሙትን አንድ አንድ እያለች። አንድ ቁና ይሆናል። ከሲታ ነው፤ ብትነፍሺበት ይበራል።

የትኛውን ልዝራ? ዛጎሎችሽን ጠይቂልኝ።

አያትሽ ካሳው


ሞምባሳ
ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎት ለአባባ፤ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎንም እንደ ታላቅ ወንድምዎ ሰላም በሉልኝ። ንፍጥ ማለትዎን ለዛጎሎቼ አልነገርኳቸውም፤ ያኮርፉብኛል።

ጥያቄዎ አስደነገጠኝ፤ እዚህም የምጠይቀው ያንኑ ነው። የመኪናውና የፋብሪካው ጭስ ሰማይ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ባሕሩ ከፊሉን ይውጠውና ውሃው ይኮመጥጣል። ኦይስተር፣ ያቺ ንፍጥ ያሏት የዛጎል ፍጥረት፣ ቤቷን የምትሠራው ከውሃው ውስጥ ኖራ የመሰለ ነገር እየለቀመች ነው። ውሃው ሲኮመጥጥ የምትለቅመው ያንሳል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዱት ገና የተፈለፈሉት ናቸው። በሁለት ቀናቸው የመጀመሪያዋን ቅርፊት ካልሠሩ አይኖሩም። እኔ እናቶቹን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን በደህና ውሃ፣ ግማሹን በኮመጠጠ ውሃ አቆየኋቸው። ከዚያ የሁሉንም ልጆች በኮመጠጠው አሳደግሁ። በደህና ውሃ የኖሩት እናቶች ያማሩና የወፈሩ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ግን አብዛኞቹ ቅርፊታቸው ተጣምሞ አለቁ። የከሱት እናቶች ልጆች ቆሙ።

አባባ፣ እባክዎን ከዚህ ላይ ተነሥተው በሬ አይጥመዱ! ዛጎል ገብስ አይደለም። የልጅ ልጆቹን ገና አላየሁም፤ ነሐሴ ላይ ነው የማውቀው። ከሲታውን መዝራት ካለብዎት ግማሹን ብቻ ይዝሩ። ግማሹ ይቀመጥ። ከጓሮውም ዘር ያስቀሩ። ይህን ቃል ይግቡልኝ።

የዘነበችን ጤና ጠይቄዎት ዘለሉት። ጸጉሬን እየጎነጎነች ያሳደገችኝ ሰው ናት፤ ለምን ዝም አሉኝ?

ልጅዎ አለምወርቅ


ከጉና ግርጌ
ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባሕር ሞግዚት፤

ግማሹን ማስቀመጤንና አለማስቀመጤን ሁለት ጊዜ ጠይቀሽኛል። ስለ ዝናቡ ልንገርሽ። ዘንድሮ ገና ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ያለ ነጎድጓድ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ ልክ እንደ ሙላቴ ሚስት ለቅሶ። መሬቱ ለስልሷል። በሬዎቹም ደህና ናቸው፤ ቀዩ ብቻ እንደ ይሻው ግንባሩን ይቋጥርብኛል።

እንግዲህ ስለ ዘሩም እንዳትቆጪ። አንድ ቁና ማለት ምንድን ነው? ግማሹን ብዘራ ለወፍ ምሳ እንኳ አይበቃም። ማሳው ሰፊ ነው፣ ዕድሉ አንድ ነው። ዛጎሎችሽ በፊርማቸው አረጋግጠውልኝ እያለ ግማሽ እምነት ምን ይሠራልኛል? ሁሉንም ዘራሁት።

የጓሮውንስ ብለሽ ትጠይቂያለሽ። የጓሮው ለሰኔ ሚካኤል ዝክር ተጠመቀ። ጠላው ግሩም ነበር፤ የኔታ ራሳቸው ሦስት ጊዜ አስቀድተዋል። ዘሩ እናቱን የማይመስል ከሆነ ጠላ ይሁን አልኩ። ጓሮው ላይ ይሻው ስንዴ ዘርቶበታል።

ስለ ዘነበች፦ ውሃ መቅዳት ትታለች፤ ይሻው ራሱ ነው ጄሪካን ተሸክሞ የሚወርደው። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ። እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አይጻፍም፤ ዓይን አለ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅነው ነገር ነው፤ ሁለት ጊዜም ከእጃችን ወጥቷል። አሁን ዝም ማለት ነው። ደጀን፣ አንተም ዝም በል።

አያትሽ


ሞምባሳ
ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፤

ሰላምታዬን ያሳጠርኩት ስለቸኮልኩ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ መንገዱ ተዘግቶ ነበርና የደረሰኝ ትናንት ነው።

የልጅ ልጆቹን ቆጥሬ ጨረስኩ። በኮመጠጠ ውሃ ብቻ ሳሉ የከሱት ወገን አሁንም በለጡ፤ ያንን አልዋሸሁዎትም። ባሕሩ ግን መኮምጠጥ ብቻ አይደለም፤ ይሞቃልም፣ ምግቡም የሚሳሳበት ጊዜ አለ። እሱን ለማየት ሙቀቱን ጨምሬ ምግባቸውን ቀነስኩ። በስድስት ቀን ውስጥ ከሌሎቹ ቀድመው ያለቁት እነዚያው የተመካሁባቸው ናቸው። አያታቸውና እናታቸው ለአንድ ክፉ ቀን አዘጋጇቸው እንጂ ለሁለት አይደለም። ያላቸውን ጉልበት ሁሉ ቅርፊቱ ላይ ጨርሰውት ነበር።

እርስዎ ደግሞ ጉና ላይ ነዎት። ውርጭ አለ፣ በረዶ አለ። ሁሉንም ዘራሁ ያሉኝ እንደ ልማድዎ ሊያበሽቁኝ ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝ፤ አልቆጣም። አንድ እፍኝ፣ አንድ እፍኝ ብቻ የሆነ ቦታ አለ በሉኝ። ያልበሰለ ነገር የነገርኩዎት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ለዚያ ለማይጠራው ነገር ሌት ተቀን እጸልያለሁ።

አለምወርቅ


ከጉና ግርጌ
መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአለሜ፤ እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረሽ። ለአንዱም ደብዳቤሽ ሳልመልስ መክረሜን ይቅር በይኝ። አልታመምኩም። የምጽፈው አጥቼ ነው፤ እኔ ካሳው የምለው አጥቼ! ይህን ለየኔታ ብትነግሪ አያምኑሽም።

አንድ እፍኝ አልቀረም። ያበሽቅሽ የነበረው አያትሽ ያን ጊዜ እውነቱን ነበር የጻፈው።

ገብሱ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ ቆመ። አጭር ነበር፤ ግን አረንጓዴ ነበር። ይሻው ሳይቀር መጥቶ በዝምታ አይቶ ይመለስ ነበር። መስከረም አሥራ ሦስት ሲነጋ ውርጩ ማሳው ላይ እንደ ጨው ተነጥፎ አገኘሁት። ሁለተኛው ክፉ ቀን ያልሽው እሱ ነው። የተረፈው ከላይ በኩል ካለው የአስታ ቁጥቋጦ ሥር፣ አንድ ቁርበት የምታህል ቦታ ናት። ዛላውን ቆጠርኩት፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት። ደጀን አሰላው፤ ሁሉም ደርሶ ከተወቃ የይሻውን ጣሳ ይሞላል፣ ጭብጥ አይተርፍም፣ ጭብጥ አይጎድልም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያው ነው የምውለው። እሸት ለመንገደኛ እንደማይከለከል አንቺም ታውቂያለሽ፤ ዘልቆ የጠገበውን በልቶ ይሄዳል፣ በስልቻ አይጫን ብቻ። እኔ ከለከልኩ። ጎረቤታችን በላይነህ ከታች ሆኖ፦

«አባ ካሳው፣ እሸት አያቀምሱንም?»

«አልጠነከረም።»

«ቆጥረውታል አሉ፣ እውነት ነው?»

«የቆጠርኩት አንተ ስታልፍ ስንት እንደሚጎድል ለማወቅ ነው።»

«እንግዲያ አንድ ዛላ ስም ያውጡልኝና ክርስትና ላንሣው!»

ሳቅሁ። ሲሄድ ግን ፊቴን በጋቢ ሸፈንኩ። በዚህ አገር ሰማንያ አንድ ዓመት ስኖር እሸት የነፈገ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ ስሙን እስካሁን በክፉ እንጠራዋለን።

ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱን ልጻፍ። የዛሬ ስድስት ቀን ይሻው ወደ ማሳው መጣ። ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀና፦

«አባ፣ ዘነበች አማራት።»

«ምን አማራት?»

«እሸት።»

«ገሳይ እሸት ሞልቷል።»

«ገዝቼላት ነበር። አፏ አድርሳ መለሰችው። የላይኛውን ማሳ ነው ያለችው፤ ጥቁሩን። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም።»

ልጄ፣ ያን ጊዜ ምን እንዳልኩ ልጻፈውና ይቅለለኝ። «ጣሳህ እንዳይሞላ አማረኝ በይ ያልካት አንተ ነህ?» አልኩት። በገዛ ልጄ፣ በሚስቱ ማሕፀን። ፊቱ እንዴት እንደሆነ ልጽፍልሽ አልችልም። ባርኔጣውን ደፍቶ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም፤ እራት ያቀርብልኛል፣ እጄን ያስታጥበኛል፣ ቃል የለም።

«ነገ እሰጣለሁ» እያልኩ ስድስት ቀን ሆነኝ። ያማራት ተከለከለች ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በፊት የሆነባትንም አውቃለሁ። ጥቂት ሰጥቶ ማስጎምጀት ደግሞ ከመንፈግ ይብሳል ይላሉ፤ እስኪበቃት ነው። እስኪበቃት ስንት ዛላ ነው? ስልሳ? መቶ? ጣሳው አይሞላም፤ ማሳው ሄደ፤ የአባቴ ገብስም ሄደ። ብከለክላት ደግሞ የሚሄደውን መጻፍ አልፈልግም።

አንቺ ሦስት ትውልድ ቆጥረሻል። እናት የተነፈገችው ልጅ ላይ ይወጣል ወይ? ተረት ነው በይኝ፣ ወይም እውነት ነው በይኝ። በሚቀጥለው ገበያ ደጀን ይወርዳል። ፈጥነሽ መልሺልኝ፤ እሸቱም እየጠነከረ ነው።

ካሳው


ሞምባሳ
መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባባ፣

አምሮት የምለካበት መሣሪያ የለኝም። ተረት ነው ልልዎ አልችልም፤ እውነት ነው ልልዎም አልችልም። ከዚህ በፊት ሳላውቅ ተናግሬ ያደረስኩት ይበቃኛል።

ያየሁት ይህን ያህል ነው። እናት ያለፈችበት ቀን በልጅ ቅርፊት ላይ ይታያል። አንዳንዱን አጠንክሮታል፣ አንዳንዱን አሳስቶታል፤ የትኛውን እንደሚያደርግ አስቀድሜ ላውቅ አልቻልኩም። የኔ ዛጎሎች በሺህ ይቆጠራሉ፤ ቢያልቁ ሌላ ገንዳ እሞላለሁ። ዘነበች አንድ ናት።

ያንን ዘር አንድ አንድ እያለች የለቀመችው እሷ ነበረች፤ እርስዎ ነዎት የጻፉልኝ። ማሳው ይቅር። ይስጧት አባባ፤ ሳይቆጥሩ ይስጧት።

ጋሼ ይሻውን ደግሞ ይቅርታ ይጠይቁት። አባት ልጁን አይጠይቅም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይጠይቁት።

አለሜ


ከጉና ግርጌ
ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአለምወርቅ፤

ትእዛዝሽ ደርሶኛል። ለአያት ትእዛዝ መጻፍ ከባሕር ነው የተማርሽው? እኛ አላስተማርንሽም። ግን ሁለት ቀን ቀድሜሻለሁ፤ ደብዳቤሽ ሲመጣ ስለ እሸቱ የሚታዘዝ ነገር አልቀረም ነበር።

ዘነበች ራሷ ነው የመጣችው። ዳገቱን በዚያ ሆዷ፣ በትር ይዛ። ከአስታው ሥር ሳያት ተነሥቼ መንገዱን ልዘጋባት ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እሷ ግን ከዳር ቆመችና፦

«አባ፣ ልቅመስ?» አለች።

«ቅመሽ» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

ሦስት ዛላ ቀጠፈች። በመዳፏ ፈትጋ፣ እፍ ብላ፣ አንድ አንዷን ፍሬ አላመጠች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ዓይኔ እንደ ድሮው አያይም፤ ጉሮሮ ሲዋሽ ግን አይስተኝም። ምራቋን እየዋጠች ነበር። ለእኔ ብላ፣ ለጣሳዬ ብላ ነው በቃኝ ያለችው። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ብከለክላት ኃጢአቱ የኔ ነበር፤ እሷ ራሷን ስትከለክል ግን ያ ኃጢአት ማን ላይ ይጻፋል?

ማጭዴን አወጣሁና ማጨድ ጀመርኩ። «አባ፣ ተው!» አለች። «ተቀመጪ» አልኳት። እሳት አነደድን፤ ለብለብ እያደረግሁ፣ በቁርበት ላይ እየፈተግሁ ሰጠኋት። ስትበላ ወሬ አወራኋት፣ አሳቅኋት፤ ላለመቁጠር ነው። በማግስቱም መጣች፣ በሦስተኛውም መጣች። በሦስተኛው ቀን ፊቷን አዞረችና «አሁንስ ሸተተኝ» አለች። እውነተኛው በቃኝ እሱ ነው። እህል መብላት ጀምራለች፤ ስለ ሌላው ዝም ማለታችንን ቀጥለናል።

የቀረውን ቆጠርኩት፤ አርባ አንድ ዛላ ነው። የጣሳውን ቂጥ አይሸፍንም።

ይሻውን ይቅርታ ጠይቅ ላልሽው፦ ሄድኩ። በረት ውስጥ ነበር። «ማሳው ያንተ ነው፤ ቃል ቃል ነው። ያን ቀን የተናገርኩትም የሰው ንግግር አልነበረም» አልኩት። ላሟን እያለበ ነበር፤ ቀና አላለም። ወተቱን ቀድቶ ሰጠኝ። ጠጣሁ።

በማግስቱ ዶማ ይዞ ወጣ። ለቀጣዩ ክረምት የባህር ዛፍ ችግኙን ጉድጓድ ይቆፍራል። ከታች ነው የጀመረው፤ ተራ በተራ፣ በገመድ እየለካ። እኔም እወጣለሁ። ከአስታው ሥር ተቀምጬ ጉድጓዱ ወደ እኔ ሲመጣ አያለሁ። አሥራ አንድ ቀን እሱ ሲቆፍር እኔ ሳይ ነበር። አልለመንኩትም። የምለምንበት አፍ አልነበረኝም።

ትናንት አምስት እርምጃ ቀረው። ገመዱን ዘረጋ፤ ገመዱ አርባ አንዱ ዛላ መሃል ላይ አረፈ። ዶማውን አነሣ። አየኝ። መልሶ ቀስ ብሎ አወረደውና ላብ የሌለበትን ግንባሩን ጠረገ።

«አባ» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

«አቤት» አልኩት፤ ለልጄ አቤት ብዬ አላውቅም።

«ይህ ጥግ ድንጋይ ነው። ዶማ አይገባውም።»

ገመዱን ጠቅልሎ፣ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆመ፤ መልሴን ይጠብቃል።

ልጄ፣ ያ ጥግ ድንጋይ የለበትም። ይሻው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አንድ በጋ ሙሉ እኔና እሱ ጎንበስ ብለን እስከ ጠጠሩ ለቅመን ጨርሰነዋል፤ እሱ በቀሚሱ እየታቀፈ ገደሉ ድረስ ይወስድ ነበር።

«አዎ» አልኩት። «ድንጋይ ነው።»

አያትሽ ካሳው